ቡከር ዋሽንግተንና የትምህርቱ ዕዳ

ቡከር ዋሽንግተን በአሜሪካ አገር ቨርጂንያ በሚባለው ክፍል፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1856 ዓ.ም. ተወለደ። እናቱ ጄን ባሪያ ነበረችና እርሱም ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ባሪያ ሆነ። የሚኖሩባትም ጎጆ አንዲት ክፍል ብቻ ነበረች፤ ወለሏ ዐፈር፥ መስኮቷም ያለ መስተዋት ነበረ። ቡከር፥ ታላቅ ወንድሙ ጆንና እኅቱ አማንዳ በመሬት ላይ በተነጠፈ ቡትቶ ይተኙ ነበር።

በዚያን ዘመን በቨርጂንያ ባሮችን ሰብስቦ ፊደል ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበረ። ቡከር አንዳንድ ቀን የጌታውን ልጅ መጽሐፍ ተሸክሞ እስከ ተማሪ ቤቱ በር ድረስ ይሄድ ነበር። ልጆቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ እርሱ ግን ከደጅ ይመለሳል። ከዚያ በር ማለፍ የልቡ ታላቅ ምኞት ሆነ።

በዚሁ አቈጣጠር በ1865 ዓ.ም. የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት አለቀና ባሮች ነጻ ወጡ። የቡከር ቤተ ሰብም የእንጀራ አባቱ ሥራ ወዳገኘባት፥ በምዕራብ ቨርጂንያ ወዳለችው ወደ ማልደን ሄዱ። በዚያ አገር ጨዋማ ውሃ በትልቅ ምድጃ እየፈላ ጨው ይወጣ ነበር፤ ጨውም በበርሜል ይሞላል። በእንጀራ አባቱ በርሜሎች ላይ የሚጻፈው ምልክት 18 የሚለው ቍጥር ነበረ። ቡከር በመጀመሪያ ለይቶ ያወቀው ጽሕፈት ይህ ነው። እናቱ ማንበብ አታውቅም ነበር፤ ነገር ግን የልጅዋን ምኞት አይታ አንድ የፊደል መጽሐፍ ፈልጋ አመጣችለት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በማልደን ለጥቁሮች ልጆች ተማሪ ቤት ተከፈተ። ዳሩ ግን የእንጀራ አባቱ ድኻ ስለ ነበረ ቡከር በሥራ የሚያገኘው ገንዘብ እንዲቀርበት አልወደደም። በመጨረሻ ግን ተስማሙ። ብላቴናው ማለዳ ተነሥቶ እስከ ጧቱ 3 ሰዓት ድረስ ይሠራል፥ ከዚያም ሄዶ ይማራል፥ ከትምህርት ሲወጣ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል ይሠራል። ነገር ግን ትምህርቱ የሚጀመረው በዚሁ በ3 ሰዓት ነበረ፤ መንገዱም ሩቅ ስለ ሆነ ቡከር ሁልጊዜ ይዘገይ ነበር።

ስለዚህ የማይገባ ዘዴ አሰበ። በሥራው ስፍራ ከመቶ የሚበልጡ ሠራተኞች እያዩ የሚገቡበትና የሚወጡበት አንድ ትልቅ ሰዓት ነበረ። ቡከርም በየማለዳው ይህን ሰዓት ከ2 ሰዓት ተኩል ወደ 3 ሰዓት ያዞረው ጀመር። የሥራው አለቃ ሰዓቱ ልክ እንዳልሆነ በተረዳ ጊዜ በሣጥን ውስጥ ቈለፈበት። ቡከር ሰውን ለመጉዳት አላሰበም ነበር፤ ቢሆንም ለራሱ ትምህርት ሲል የብዙ ሰዎችን ጊዜ አዛባ። በማታለል የተገኘው ግማሽ ሰዓትም ቶሎ ተወሰደበት።

ከዚያም በኋላ በከሰል ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ እንዲሠራ ሆነ። አንድ ቀን በጨለማው ውስጥ ሳለ ሁለት ሠራተኞች ስለ አንድ ትልቅ ተማሪ ቤት ሲነጋገሩ ሰማ። ድምፅ ሳያሰማም በቀስታ ተጠጋቸው። ተማሪ ቤቱ በቨርጂንያ በሃምፕተን ከተማ በ1868 ዓ.ም. ለጥቁሮች የተከፈተ ነበረ። ደግሞም ገንዘብ የሌለው ትጉህ ተማሪ የምግቡንና የማደሪያውን ዋጋ፥ ሁሉንም ወይም ከፊሉን፥ በእጁ ሥራ ለመክፈል ይችል ነበር። ቡከር ሃምፕተን በየት በኩል እንዳለ፥ እንዴትም እንደሚደረስበት አላወቀም። ነገር ግን ድኻ የሚገባበት በር መኖሩን ዐወቀ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ልቡ በሃምፕተን ላይ ዐደረ።

ቡከር ከጉድጓዱ ወጥቶ በወይዘሮ ራፍነር ቤት በወር 5 ዶላር ተቀጠረ። ይህች ሴት በሥራ ብርቱ ስለ ነበረች ከእርሱ በፊት ከተቀጠሩት ብላቴኖች ብዙዎቹ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በላይ አልቈዩም ነበር። ቡከርም በመጀመሪያ ፈራት። በኋላ ግን የምትፈልገው ንጽሕናን፥ ሥራን በጊዜው መፈጸምንና እውነትን ብቻ እንደ ሆነ ተረዳ። ጥግ ሳይቀር መጥረግን፥ አቧራን ሳይተው መወልወልን ከእርሷ ተማረ። ይህ ትምህርት በኋላ ምን ያህል እንደሚጠቅመው ገና አላወቀም ነበር።

በ1872 ዓ.ም. ቡከር ወደ ሃምፕተን ለመሄድ ተነሣ። የሠራበት ገንዘብ አብዛኛው ለቤቱ ችግር ስለ ወጣ በእጁ የቀረው ጥቂት ነበረ። ወንድሙ ጆን የሚችለውን ሰጠው። በባርነት ዘመናቸውን የፈጸሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም ከዘራቸው አንድ ልጅ ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ በማየታቸው ደስ ብሏቸው፥ አንዱ 5 ሳንቲም፥ አንዱ 25 ሳንቲም፥ አንዱም መሐረብ አመጡለት። እናቱ ታማ ነበርና ዳግመኛ የማያያት መስሎት እያዘነ ተሰናበታት።

መንገዱ፥ ራሱ በጻፈው ታሪክ እንደ ተናገረው፥ ወደ 500 ማይል ይርቅ ነበር። ገንዘቡ እስኪያልቅ በሠረገላና በባቡር፥ ከዚያም በእግሩና መንገደኞችን እየለመነ በጋሪያቸው ተጓዘ። አንድ ቀን ማታ በእንግዶች ማደሪያ ቤት ለማደር ቢጠይቅ፥ ገንዘብ እንዳለው እንኳ ሳይጠየቅ በመልኩ ጥቁርነት ብቻ ተከለከለ፤ ሌሊቱንም ብርድ እንዳይጐዳው ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ዐደረ። ሪችመንድ ከሚባለው ከተማ ሲደርስ ምንም ገንዘብ አልቀረውም፤ ለሃምፕተን ግን ገና 82 ማይል ይቀረው ነበር። በዚያም ከሳንቃ በተሠራ የእግረኛ መንገድ ሥር ገብቶ ተኛ። ከበላዩም የሰዎች ኮቴ ሌሊቱን ሁሉ ይሰማው ነበር።

በነጋ ጊዜ ጥሬ ብረት የሚያራግፍ መርከብ አየና አለቃውን ሥራ ለመነው። የቁርሱንም ዋጋ በሥራ አገኘ። አለቃው በሥራው ደስ ስላለው ብዙ ቀን አሠራው። ቡከር ማደሪያ ለመከራየት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ለመንገዱ ገንዘብ ለማትረፍ ሲል እዚያው ከሳንቃው ሥር ያድር ነበር። ሃምፕተን በደረሰ ጊዜ በኪሱ የነበረው ልክ 50 ሳንቲም ነበረ።

የተማሪ ቤቱ ዋና መምህርት ወይዘሪት ሜሪ ማኪ በፊቷ የቆመውን ብላቴና ተመለከተችው። ገላውን ከታጠበ፥ ልብሱን ከለወጠ ብዙ ቀን ሆኖት ነበርና ለተማሪ ቤት የሚገባ አይመስልም ነበር። አልከለከለችውም፥ አልተቀበለችውምም። ቡከር ሌሎች ተማሪዎች ሲገቡ እያየ ጥቂት ሰዓቶች ጠበቀ። ከዚያ በኋላ መምህርቱ መጥረጊያ ወስዶ በአጠገቡ ያለውን የትምህርት ክፍል እንዲጠርግ አዘዘችው።

ቡከር ፈተናው ይህ መሆኑን ዐወቀ። ክፍሉን ሦስት ጊዜ ጠረገው፤ ጠረጴዛውን፥ ወንበሩንና ግድግዳውን አራት ጊዜ ወለወለው። ዕቃውን ሁሉ ከስፍራው እያነሣ ጥጉን ሁሉ አጠራ። ወይዘሪት ማኪም ገብታ በመሐረቧ ግድግዳውንና ጠረጴዛውን አሸት አሸት አደረገች፤ አቧራ ግን አላገኘችም። ያን ጊዜ ተማሪ እንዲሆን ተቀበለችው። የወይዘሮ ራፍነር ትምህርት በዚያ ቀን ከብዙ ገንዘብ ይልቅ ጠቀመው።

ነገር ግን ከተማሪ ቤት መግባት አንድ ነገር ነው፤ ትምህርትን እስከ መጨረሻ መፈጸም ሌላ ነገር ነው። በሃምፕተን የተማሪው ወጪ በሁለት ይከፈል ነበር። አንደኛው የምግብና የማደሪያ ዋጋ ሲሆን በወር 10 ዶላር ነው፤ ከዚህም ከፊሉ በገንዘብ ከፊሉ በሥራ ይከፈላል። ሁለተኛው የትምህርቱ ዋጋ ሲሆን በዓመት 70 ዶላር ነው። ከዚህም ሌላ መጽሐፍና ልብስ ያስፈልጋል። ለዚህ ሁሉ ቡከር የነበረው 50 ሳንቲም፥ ደግሞም ጆን አንዳንድ ጊዜ የሚልክለት ጥቂት ዶላር ብቻ ነበረ።

የምግብና የማደሪያውን ዋጋ በሥራ ከፈለ። ወይዘሪት ማኪ የተማሪ ቤቱ ጠራጊና ጠባቂ እንዲሆን ሥራ ሰጠችው። ብዙ ክፍሎችን እያጸዳ ሌሊት ያመሽ ነበር፤ ደግሞም በየክፍሉ እሳት ለማንደድና ትምህርቱን ለማጥናት ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ይነሣ ነበር። ይህም ሥራ የምግቡን ዋጋ ለጥቂት ጐደለው እንጂ ሊሞላው ቀርቦ ነበር።

የትምህርቱን ዋጋ ግን በሥራ ሊሞላው አልቻለም። የተማሪ ቤቱ አለቃ ጄኔራል ሳሙኤል አርምስትሮንግ ስለዚህ ነገር አሰበለት። በማሳቹሴትስ በኒው ቤድፎርድ ከተማ የሚኖር ሞርጋን የሚባል በጎ አድራጊም ቡከር በሃምፕተን እስኪፈጽም ድረስ በየዓመቱ 70 ዶላር ከፈለለት። መጽሐፍ ከሌሎች ተማሪዎች እየተዋሰ ያነብ ነበር። ልብሱም ከሰሜን አገር ሰዎች ለድኾች ተማሪዎች በበርሜል ከሚልኩት ልብስ የተሰጠው ነበረ።

እንዲህም ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት ፍጻሜ ቡከር ለተማሪ ቤቱ 16 ዶላር ዕዳ ቀረበት። የዕረፍት ጊዜ ደርሶ ሌሎች ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሄዱ እርሱ የመንገድ ገንዘብ እንኳ አልነበረውም። አንድ ትርፍ ካፖርት ነበረውና በ3 ዶላር ሊሸጠው አሰበ። አንድ ሰው መጥቶ ካፖርቱን አገላብጦ ካየ በኋላ፥ አሁን 5 ሳንቲም ሰጥቶ የቀረውን ባገኘ ጊዜ ሊከፍል እንደሚወድ ነገረው። ቡከርም ተስፋ ቈረጠ።

በኋላ በአቅራቢያው ባለው ምሽግ አጠገብ በአንድ ምግብ ቤት ሥራ አገኘ። ደመወዙ ግን ከምግቡ ዋጋ ብዙም አይተርፍም ነበር። አንድ ቀን ከጠረጴዛ በታች አዲስ የ10 ዶላር ወረቀት ወድቆ አገኘ። 16 ዶላር ለሚፈልግ ሰው 10 ዶላር ብዙ ነው፤ ማንም አላየውም ነበር። ነገር ግን ቡከር ገንዘቡ የተገኘው በባለ ቤቱ ስፍራ ስለ ሆነ ሄዶ ነገረው። ባለ ቤቱም ስፍራው የእርሱ ስለ ሆነ ገንዘቡ እንደሚገባው ነግሮት ወሰደው። ቡከር አዘነ፤ ዳሩ ግን እንደ ቀድሞው ሰዓት የሌላውን ነገር ለራሱ አላዞረም።

የዕረፍቱ ጊዜ አለቀ፤ 16ቱ ዶላር ግን አልተገኘም። ዕዳውን ሳይከፍል ወደ ትምህርት መመለስ የማይሆን መሰለው። መደበቅና ወደ ማልደን መቅረት ይችል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር። ስለዚህ ልቡን አጽንቶ ወደ ተማሪ ቤቱ ገንዘብ ያዥ ወደ ጄኔራል ማርሻል ሄደ። ያለበትን ዕዳ፥ የሠራውን ሥራ፥ ያጣውንም ሁሉ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ነገረው። ገንዘብ ያዡም ተመልሶ እንዲማር ፈቀደለት፤ ባገኘ ጊዜ ዕዳውን እንደሚከፍል አመነው። ቡከር በሁለተኛውም ዓመት መጥረጊያውን ይዞ ሥራውን ቀጠለ።

በዚያ ዓመት ፍጻሜ እናቱ፥ ጆንና አንዲት መምህርት በሰጡት ገንዘብ ወደ ቤቱ ሄደ። በዚያም ክረምት እናቱ ሞተች። የልጅዋን ትምህርት ፍጻሜ ሳታይ መሞቷ ለቡከር ታላቅ ኀዘን ሆነ። እርሱ ግን ወደ ሃምፕተን ተመልሶ በ1875 ዓ.ም. ትምህርቱን በክብር ፈጸመ።

ከዚያ በኋላ በማልደን መምህር ሆነ። ቀን ልጆችን፥ ማታ በቀን ሥራ የሚውሉትን ያስተምር ነበር። ከደመወዙም እየቈጠበ ቀድሞ የረዳውን ወንድሙን ጆንን ወደ ሃምፕተን ሰደደው። ጆን ከፈጸመ በኋላ ደግሞ ሁለቱ ሆነው በቤታቸው ያደገውን ጄምስን አስተማሩት። አንዱ የተቀበለውን እርዳታ ለሌላው እንዲህ አሳለፉ።

በኋላ ጄኔራል አርምስትሮንግ ቡከርን ወደ ሃምፕተን ጠርቶ የማታ ትምህርት እንዲጀምር አዘዘው። በዚህ ትምህርት የሚገቡት ምንም መክፈል የማይችሉ ወጣቶች ነበሩ። ቀን 10 ሰዓት ይሠራሉ፥ ማታ 2 ሰዓት ይማራሉ። ከሥራቸው ዋጋ ከምግባቸው የተረፈው በገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቀመጥላቸዋል። አንድ ወይም ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ በዚህ በተጠራቀመው ገንዘብ የቀን ተማሪዎች ይሆናሉ።

በ1881 ዓ.ም. ቡከር በአላባማ በታስኪጊ ከተማ አዲስ ተማሪ ቤት እንዲከፍት ተላከ። የአላባማ መንግሥት በዓመት 2,000 ዶላር ለመምህራን ደመወዝ ሰጠ፤ ለመሬትና ለቤት ግን ምንም አልሰጠም። ትምህርቱም በአንድ አሮጌ ቤት 30 ተማሪዎችን ይዞ ተጀመረ። ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው ስለሚያፈስ አንድ ተማሪ በመምህሩ ራስ ላይ ጥላ ይይዝለት ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለተማሪ ቤት የሚመች እርሻ በ500 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። ባለ ርስቱ እኩሌታው አሁን እኩሌታው በዓመት ውስጥ እንዲከፈለው ወደደ። ቡከር ግን 250 ዶላር ከወዴት ያመጣል? ያን ጊዜ አንድ ሰው ትዝ አለው፤ ይኸውም የሃምፕተን ገንዘብ ያዥ ጄኔራል ማርሻል ነው። ነገሩን ሁሉ ጽፎ ላከለትና በራሱ ኀላፊነት ብድር ለመነው። ማርሻል የተማሪ ቤቱን ገንዘብ ለማበደር ሥልጣን አልነበረውም፤ ነገር ግን ከራሱ ገንዘብ 250 ዶላር በደስታ ላከለት። በ16 ዶላር የታመነው ብላቴና አሁን በ250 ዶላር ታመነ።

ቡከርና ባልደረባው ኦሊቪያ ዴቪድሰን ገንዘቡን ለመሰብሰብ ተነሡ። ነጮችም ጥቁሮችም እንደ ዐቅማቸው ሰጡ። አንዲት በባርነት ያረጀች ድኻ ሴት ቡትቶ ለብሳ፥ በበትር ተመርኵዛ መጣችና ያላትን ስድስት ዕንቍላል ለልጆቹ ትምህርት እንዲሆን ሰጠች። በሦስት ወር ውስጥ የማርሻል ብድር ተከፈለ፤ ከዚያም በሁለት ወር ውስጥ የእርሻው ዋጋ ሁሉ ተፈጸመ።

ተማሪዎቹም ቤቶቻቸውን በእጃቸው ሠሩ። ጡብ ለመሥራት ሦስት ጊዜ ምድጃ ሠርተው ሦስት ጊዜ ተበላሸባቸው። ገንዘብ ባለቀ ጊዜ ቡከር ሰዓቱን አስይዞ 15 ዶላር ተበደረ፤ አራተኛውም ምድጃ ተሳካ። ብድሩን መክፈያ ጊዜ ስላለፈ ሰዓቱ በዚያው ቀረ፤ እርሱ ግን በዚህ አልተጸጸተም። በ1884 ዓ.ም. በታስኪጊም እንደ ሃምፕተን ያለ የማታ ትምህርት ተከፈተ። የትምህርቱን ዋጋም፥ በዓመት ለአንድ ተማሪ 50 ዶላር፥ ቡከር ከበጎ አድራጊዎች ይለምን ነበር። ሞርጋን ለእርሱ እንዳደረገ እርሱም ለብዙዎች አደረገ።

በሚለምንም ጊዜ እንዴት እንደሚለመን ያውቅ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ለባለ ጠጋው ለአንድሩ ካርኔጊ ስለ መጻሕፍት ቤት ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤውም 1,100 ተማሪዎችና 86 መምህራንና ሹማምንት እንዳሉ፥ ከ12,000 የሚበልጡ መጻሕፍትና መጽሔቶች ተገቢ ስፍራ እንዳጡ፥ ሥራውን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንደሚሠሩት፥ ወጪውም 20,000 ዶላር እንደሚሆን ገለጠ። ካርኔጊም ገንዘቡን ለመክፈል መፍቀዱን አስታወቀ።

ቡከር ዋሽንግተን በ1915 ዓ.ም. በታስኪጊ ሞተ፤ በዚያውም ተቀበረ። በአንድ አሮጌ ቤት የተጀመረው ተማሪ ቤት በዚያን ጊዜ ከ100 የሚበልጡ ቤቶችና 1,500 ያህል ተማሪዎች ነበሩት። ዛሬም ታስኪጊ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ይኖራል።

ለትምህርቱ እርዳታ የሚሻ ልጅ ከዚህ ታሪክ መንገዱን ይማራል። አስቀድሞ የትምህርቱን ዋጋ ይጠይቅ፤ ያለውን ይቍጠር፤ የጐደለውንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይናገር። የተሰጠው ነገር ስጦታ፥ የሥራ ዋጋ ወይም ብድር እንደ ሆነ ለይቶ ይወቅ። ስጦታ ከሆነ ያመስግን፤ የሥራ ዋጋ ከሆነ ሥራውን ይፈጽም፤ ብድር ከሆነ ይክፈል። ገንዘብ ማጣት ነውር አይደለም፤ እውነትን ማጣት ግን ነውር ነው። 16 ዶላር ያጣው ብላቴና እውነቱን ስለ ተናገረ በሩ አልተዘጋበትም፤ በኋላም ያንኑ በር ለብዙዎች ከፈተ።